ምን አለች?

መዲና ያን ሰሞን መቀመጥ አቅቷት ነበር። ሲያትል ኤርፖርት አጠገብ ሲታክ ካለው ሆቴል ሥራዋን ውላ ቡሪየን አጎቷ ቤት ስትገባ፣ ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል ብድግ ቁጭ ነው፤ መስኮት ከፍቶ መዝጋት፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሶ ማጠብ። የአጎቷ ሚስት እትዬ ሀጂራ እያዩ «የሙሽራ ነገር! እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር» ይሉና ይስቃሉ። ሙሽራ መባሉ ነበር እንግዲህ መቀመጫ ያሳጣት። ኒካው ለሚመጣው ጁምዓ ተቆርጧል። ሙሽራው ጋሽ ዓብዱልጀሊል ናቸው። እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሳቸው ሃምሳን ካለፉ ቆይተዋል፤ መዲና ደግሞ አትፈልጋቸውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከራሷ በቀር በመላው ሲያትል አልነበረም።

ነገሩ ያለቀው ማእድ ቤት ውስጥ ነው። አጎቷ ጋሽ ሀሚድ አንድ ቀን ከሥራ እንደገቡ፣ ዝናብ የጠጣ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ። እሷ ሰሃን ታጥባለች። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መዲና፣ ዓብዱልጀሊል ጠይቆሻል። የአባትሽ ምትክ እኔ ነኝና ልጠይቅሽ ይገባኛል። ምን ትያለሽ?» አሏት። እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። ልትናገር ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቧንቧው ይፈሳል፣ እሷ ዝም ትላለች፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ «አልሃምዱሊላህ!» አሉና ፊታቸው በራ። ያላገባች ልጅ ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ ጋሽ ሀሚድም ያደረጉት ደንቡን ነው። ዞር ብለው ሄደው ስልክ አነሱ። መዲና ቧንቧውን ዘጋች።

«ታዲያ ምን ለጎማት?» የሚል ካለ፣ በዘመድ ቤት ያላደገ ሰው ነው። አባቷ ሲሞት ጋሽ ሀሚድ ከገዛ ልጅ ሳይለዩ አሳደጓት። ሱዳን ሲሻገሩ እግሯ ቆስሎ ነበርና ግማሹን መንገድ በጀርባቸው አዝለዋት ነው የመጡ። ሲያትል ሲገቡ ደግሞ በዚያ ብርድ በራቸውን የከፈቱላቸው ጋሽ ዓብዱልጀሊል ናቸው። አጎቷን ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና ማቆሚያ ሥራ ያስገቡ፣ እሷን በታክሲያቸው ትምህርት ቤት ያመላለሱ እሳቸው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ በተገላገለች! ክፉን ሰው እምቢ ማለት ምን ያስቸግራል። ደግ ሰው ነው ሰውን አንቆ የሚይዘው። ይህን ሁሉ ዓመት «ልጄ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። አሁን ግን ባጠገቧ ሲያልፉ ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠፍቷቸው «እ… እንዴት ነው?» ብቻ ይላሉ።

አንድ ቀን ለእትዬ ሀጂራ ልትነግር ሞክራ ነበር። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ጋሼ ሲጠይቁኝ…» ከማለቷ «ዝም አልሽ፤ ነግሮኛል። ደግ አደረግሽ! ዝም አይነቅዝም» አሏት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እውነትም ስንቱን ቤት ያቆመ ምክር ነው። የመዲና ዝምታ ግን ከዋለበት ሰዓት ጀምሮ መንቀዝ ይዞ ነበር። ውስጥ ውስጡን ሲቦረቡራት ይሰማታል።

ሆቴሉ ምድር ቤት ባለው ልብስ ማጠቢያ የምትሠራው ሰልቪ ከምትባል ህንዳዊት ጋር ነው። የሰልቪ ባል ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራል፤ እሷ ደግሞ ወሬ ነፍሷ ነው። አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። ጫፍ ጫፉን ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ይወጥሩታል፣ ከዚያ ጫፍን ከጫፍ ለማጋጠም ይቀራረባሉ። ሲራራቁ የማድረቂያው ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን መነጋገር የሚችሉት ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰልቪ ወሬ ሁሉ አንሶላ በአንሶላ ነው የሚያልቀው።

«ወንድሜ ከማድራስ ካሴት ላከልኝ» አለች ያን ሰሞን፣ በዚያች በሁለቱም በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው። «እናቴ ልጅ ሳለች የወጣ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ።» ተራራቁ። ተቀራረቡ። «አባቷ የሞተባት ልጅ ናት፤ አጎቷ ያሳድጋታል። ክፉ ሰው አይደለም።» ተራራቁ። ተቀራረቡ። «አንድ ሽማግሌ ያጫታል። አጎትየው ሽማግሌውን ያከብረዋል፣ እምቢ ማለት ያፍራል።»

መዲና አንሶላውን ለቀቀችው። መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰጣታ! ጠይቋት ነበር፣ እሷ ግን ዝም አለች። እናቴ እዚያ ጋ ስትደርስ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ትጮህ ነበር፤ ‹ተናገሪ እንጂ አንቺ! አፍ የለሽም?› እያለች።» ሰልቪ ሳቀች። ጎንበስ ብላ አንሶላውን ስታነሳ የመዲናን ፊት አየችና ሳቋን አቋረጠች።

መዲና ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ሳትቀመጥ ነው የሄደች። አንድ ሐሳብ ይዟታል፣ ሐሳቡም ከአጎቷ የድሮ ሥራ የመጣ ነበር። ጋሽ ሀሚድን ደሴ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ «ሀሚድ ህንዱ» ይላቸዋል። ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጡ ነበር። የህንድ ፊልም ሲመጣ መብራቱ እንደጠፋ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆሙና ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ እየጮሁ ለሕዝቡ ይነግራሉ። ሴቷ ስታለቅስ ያለቅሳሉ፣ ሌባው ሲዝት ይዝታሉ። ሰው ያለ እሳቸው ፊልም አይገባም ነበር። ጋሽ ዓብዱልጀሊል ያኔ ጎልማሳ ነጋዴ ሆነው ፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ ከጨለማው ውስጥ «ሀሚዶ፣ ምን አለች?» የሚለው ድምፅ የእሳቸው ነው። ሲወጡም ትከሻቸውን መታ አድርገው «ዛሬስ ጥሩ ተረጎምክ!» ይሏቸዋል። ጋሽ ሀሚድ ይህን ዛሬም ያወሩታል። «ፊልም እንደ ወንዝ ነው፤ ያለፈው አይመለስም። አስተርጓሚ ከተሳሳተም ተሳስቶ መሮጥ ነው» እያሉ።

እሷ መናገር ካልቻለች ፊልሙ ይናገርላት። ጋሼ ህንድኛ ያውቃሉ፤ የልጅቷን ታሪክ በገዛ አፋቸው ሲተረጉሙት፣ የሚሉትን ጆሯቸው መስማቱ አይቀርም። መዲና ይህን ያህል ብልሃት ከየት እንዳመጣችው ራሷም አላወቀችም።

ሰልቪ ካሴቱን ስትሰጣት አንድ ነገር ጠየቀቻት። «አጎትሽ የትኛውን ቋንቋ ነው የሚያውቁት? ይሄ ታሚል ነው።»

«ህንድኛ ነው የሚያውቁት።»

«ህንድኛ የሚባል ቋንቋ የለም እኮ!» ብላ ሰልቪ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መዲና ቀልድ መሰላት። ህንድ ህንድኛ ካልተናገረ ምን ሊናገር ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር የታሰበው፣ ሦስቱ ብቻ ሆነው። ጋሽ ሀሚድ ግን ካሴቱን ሲያዩ እንደ ልጅ ሆኑ። «የህንድ ፊልም! ሲያትል ውስጥ!» ብለው እጃቸውን አፋተጉ። ካሴት የሚያጫውት ዴክ ቤቱ ውስጥ እንደሌለ መዲና ያሰበችው ያኔ ነው። «ግድ የለም፣ ዓብዱልጀሊል ዴክ አለው። ኮል አድርጌው ይዞ ይመጣል» አሉ ጋሽ ሀሚድ።

«ኧረ ጋሼ፣ እሳቸውንማ ለምን እናስቸግራለን!»

«ምን ችግር አለ? ይሄን ፊልም ያለ እሱ ልተረጉመው ነው? ‹ምን አለች› የሚለኝ ሳይኖር?»

መዲና ካሴቱን ቀምታ መስኮቱን ከፍታ ዝናቡ ውስጥ ልትወረውረው ፈለገች። አልወረወረችም። ሻይ ልታፈላ ገባች፣ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ጋሽ ዓብዱልጀሊል ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ ጢማቸውንም ተስተካክለዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁና «እ… እንዴት ነው?» አሏት ወደ ምንጣፉ እያዩ። ወዲያው በላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤት ጽገወይኒ ያለ ጥሪ ገባች፤ አንድ ሳህን ፈንድሻ ይዛለች። ጽገወይኒ የአስመራ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ያደገች፤ ያየችውን ሳትናገር ማደር የማትችል ሴት ናት። «የህንድ ፊልም አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ሶ፣ ያለ እኔ ልትጀምሩ ነው?» ብላ ከእትዬ ሀጂራ አጠገብ ተደላድላ ተቀመጠች።

ካሴቱ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ በረዶ የመሰለ ነገር ወረደ፣ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ወጣ። ጋሽ ሀሚድ ከወንበራቸው ተነስተው ግድግዳውን ተደገፉ። ደረታቸውን ነፉ። ዓይናቸው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

አንዲት አበባ በጸጉሯ የሰካች ልጅ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳች ትዘፍናለች። «‹አባቴ የት ነህ? ባሕር ተሻግረህ ቀረህ ወይ?› ትላለች!» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሀሚድ። መዲና ቀና አለች። አባትየው ሞቷል እኮ፤ ሰልቪ እንዲያ ነው ያለቻት። አንድ ራሰ በራ፣ ደረቱ ራቁት የሆነ ሰው ከቤት ወጥቶ ልጅቷን አናገራት። «ይሄ የቤቱ አሽከር ነው። ‹እመቤቴ ምሳ ደርሷል› አላት» አሉ። ሰውየው አጎቷ ነበር።

ቀስ እያለ ገባት። ጋሼ አንድ ቃል አይሰሙም። ሰልቪ የሳቀችው በእውነት ነው። ደሴ ላይ የተቻላቸውን ያህል የለቀሙት ቋንቋ ይሄኛው አይደለም፤ አሁን ፊት እያዩ ነው ታሪክ የሚፈጥሩት። የፈጠሩት ደግሞ ያምራል! እትዬ ሀጂራ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጽገወይኒ ፈንድሻ መብላት ትታለች።

አንድ ሽማግሌ መጣ። ጃንጥላ ይዟል፣ ጢሙ ነጭ ነው፣ ከኋላው ፍራፍሬ በትሪ የተሸከሙ ሰዎች ይከተሉታል።

«መጣ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሀሚድ። «ባሕር ማዶ የቀረው አባቷ መጣ! ሀብታም ሆኖ መጣ!»

«እሰይ!» አሉ እትዬ ሀጂራ።

«እሰይ ነው እንጂ» አሉ ጋሽ ዓብዱልጀሊልም። ከልባቸው ነው የተደሰቱት። «ዕድሜውም እንደ እኛው ነው። እንዴት ያለ ግርማ አለው ሰውየው!»

መዲና ተነሳች፣ ሻይ ቀዳች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ተነሳች። ያሰበችው ብልሃት ዓይኗ እያየ ተገልብጦ ጣላት። ቤቱ ሙሉ ሰው ሽማግሌው ልጅቷን በማግኘቱ ደስ ብሎት ተቀምጧል። «አባቷ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። ጋሽ ዓብዱልጀሊል ዞር ብለው ሲያዩዋት «ሻይ ልጨምር?» አለች።

«ቁጭ በይ አንቺ፣ ራሴን አዞርሽኝ!» አለቻት ጽገወይኒ።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ራሰ በራው ልጅቷን ጓዳ ውስጥ አስቁሞ አንድ ነገር ጠየቃት። ዘፈኑ ቆሟል። ፊቷ ብቻ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ቀረ፤ ዓይኗ ወደ መሬት ወርዷል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል። ካሴቱ አሮጌ ነውና የተንሻፈፈ መስመር ግንባሯን አቋርጦ ያልፋል።

«ሀሚዶ፣ ምን አለች?» አሉ ጋሽ ዓብዱልጀሊል።

«አሽከሩ ‹ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ ወይ?› አላት። እሷም ‹እሺ! ደስ ይለኛል!› አለች!»

«ምንም አላለችም።»

ሁሉም ዞሩ። የተናገረችው መዲና ነበረች። ድምፁ የእሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ሲያዩዋት ነው።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ሀሚድ።

«አፏን አልከፈተችም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሀሚድ ሳቁ፤ አልተቆጡም። «ታዲያ ዝም አለች ማለት እሺ አለች ማለት አይደል? ዝምታን መተርጎም ነው እንጂ የአስተርጓሚ ሙያው፣ የተባለውንማ ማንም ይሰማዋል» አሉና ዓይናቸውን ወደ ፊልሙ መለሱ። ጋሽ ዓብዱልጀሊል ራሳቸውን ነቀነቁ። መዲና ቧንቧው ሲፈስ እንደገና ተሰማት።

ፊልሙ ቀጠለ። ከበሮ ተመታ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሰው ተሰበሰበ። ልጅቷ ተሸልማ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌው አጠገቧ ነው። «ለአባቷ መምጣት ድግስ ደገሱ» አሉ ጋሽ ሀሚድ፣ ግን ትንሽ ዝግ ብለው። ሽማግሌው ክር አንስቶ በልጅቷ አንገት ላይ አሰረ።

«ዋይ! ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጽገወይኒ።

«ይሄ… ማተብ ነው። አባቷ ማተብ አሰረላት።»

«ህንድ ማተብ ያስራል እንዴ?»

«ያስራል! ደህና አድርጎ ያስራል!» አሉ ጋሽ ሀሚድ። ክርስቲያንዋ ጽገወይኒ በአንገቷ ያለውን የገዛ ማተቧን ዳሰስ አደረገችና «እንዴ፣ አላውቅም ነበር» አለች።

ሽማግሌውና ልጅቷ ትንሿን ጣታቸውን ተያይዘው እሳት ዞሩ። ጋሽ ሀሚድ «ከብርዱ የተነሳ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ሴቶች ልጅቷን እየገፉ ወደ አንድ ክፍል አስገቧት። አልጋው በአበባ ተሸፍኗል። ሽማግሌው ጃንጥላውን ጥግ አቁሞ በሩን ከውስጥ ዘጋ።

ጋሽ ሀሚድ ዝም አሉ።

ሀሚድ ህንዱ፣ ማሽን ተበላሽቶ ፊልሙ ሲቃጠል እንኳ እስኪጠገን የቃጠሎውን ትርጉም ይናገሩ የነበሩት ሰውዬ፣ ግድግዳውን ተደግፈው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጅቷ ብቻዋን ታለቅሳለች። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

«ኧረ በማርያም!» አለች በመጨረሻ ጽገወይኒ። «አባቷ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ሀጂራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ዓብዱልጀሊል የሻይ ብርጭቆውን ሊያስቀምጡ ጠረጴዛውን ሳቱት፤ ሻዩ አዲሱ ኮታቸው ላይ ተደፋ። አልጠረጉትም።

«መዲና» አሉ ጋሽ ሀሚድ። ድምፃቸው የአስተርጓሚ አልነበረም። «ይሄን ፊልም ታውቂዋለሽ?»

«ሰልቪ ነግራኛለች።»

«ሽማግሌው ማነው?»

«ባሏ ነው።»

«ያ አሽከሩስ?»

«አሽከር አይደለም፣ ጋሼ። አጎቷ ነው። አባቷ ሞቷል፤ እሱ ነው ያሳደጋት።»

ጋሽ ሀሚድ ከግድግዳው ተላቀቁ። ሁለት እርምጃ ተራምደው ከቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አሉ። ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ዞረው መዲናን አዩ። የወንድማቸውን ልጅ ሰሃን ስታጥብ ከጀርባ ነበር ያዩዋት፤ ያን ቀን ፊቷን አላዩትም። አሁን አዩት። መዲና ዓይኗን ወደ መሬት ልትሰድ ስትል ራሷን ያዘች። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሪዋይንድ አድርጊው» አሉ።

«ምን?»

«እዚያ… የጠየቃት ቦታ። መልሺው። ይመለሳል አይደል ይሄ?»

መዲና ተንበርክካ ዴኩን ነካች። ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ወደ ኋላ ወጣ። እሳቱን ወደ ኋላ ዞሩ። ክሩ ከልጅቷ አንገት ተፈታ፤ የተሰበሰበው ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ተበተነ። ከዚያ ያ ፊት መጣ፤ ዓይኑ የወረደ፣ ከንፈሩ የተጣበቀ።

«ፖዝ አድርጊው።»

ሥዕሉ ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ጋሽ ሀሚድ ከምንጣፉ አልተነሱም።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ። «አንቺ ተርጉሚልኝ። ምን አለች?»

መዲና አባቷን አሰበች፣ ሱዳንን አሰበች፣ የአጎቷን ጀርባ አሰበች። ያ የሁለት ሳምንት ቃል አሁንም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ አልሄደም ነበር። ፈራች። ከተናገረች በኋላ ይህ ቤት ቤቷ ሆኖ እንደሚቀጥል አታውቅም። ግን የሰልቪ እናት ከማድራስ ሲኒማ ቤት ስትጮህ የተሰማት መሰላት።

«እምቢ» አለች። በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

ከሶፋው በኩል፣ ከድሮ ልማድ ይሁን ሳያስቡት፣ ወይ ደግሞ እውነት አልሰሙ እንደሆን፣ የጋሽ ዓብዱልጀሊል ድምፅ መጣ። «ሀሚዶ… ምን አለች?»

ጋሽ ሀሚድ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። ግድግዳቸው ጋ ተመለሱ። ውለታ ያውቃሉ፣ ወዳጅነት ያውቃሉ፣ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ ያ ደሴ ሲኒማ ቤት የኋላ ወንበር ድረስ ይደርስ በነበረው ድምፃቸው ጮኹ።

«እምቢ አለች!»

ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጩ። እትዬ ሀጂራ «ያ አላህ» አሉ። ጋሽ ዓብዱልጀሊል ለጥቂት ጊዜ የቆመውን ሥዕል አዩ። የተንሻፈፈው መስመር በልጅቷ ግንባር ላይ ይወጣል ይወርዳል።

«ሰማሁ» አሉ።

ተነሱ። ማንም «ተቀመጡ» አላላቸውም፤ ማን ደፍሮ ይበል። በሩ ጋ ሄደው ጫማቸውን ለማድረግ ጎንበስ አሉና ማሰሪያውን ሳያስሩ ተዉት። ጋሽ ሀሚድ ተከትለዋቸው ሄዱ። ሁለቱ አሮጌ ወዳጆች በሩ ላይ ቆሙ፤ አንዱም የሌላውን ፊት አያይም።

ጋሽ ዓብዱልጀሊል እጃቸውን ዘርግተው ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። «ዛሬስ ጥሩ ተረጎምክ» አሉ። ለመሳቅ ሞክረው ነበር፣ አልሆነላቸውም። በሩን ከፍተው ወጥተው ብርዱ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ የረሱት ነገር እንዳለ ሁሉ ግማሽ አካላቸውን መልሰው አስገቡ።

«ዴኩን በኋላ እወስደዋለሁ» አሏት መዲናን። «መጨረሻውን ሳታዪው ካሴቱን አትመልሺ፣ ልጄ።»